«ፓቱ» ዳክዬ፣ ሳህን ወይስ ጫማ? የፖርቱጋልኛ ተናጋሪ ሕፃናት አፍ አፈታትና «የታሰረ ምላስ» ክርክር

አንድ የሁለት ዓመት ብራዚላዊ ሕፃን «ፓቱ» ሲል ሰሚው ሦስት ነገር ሊገምት ይችላል። ቃሉ እንደተባለው ከተወሰደ ዳክዬ ነው። ሕፃኑ ሳህን ለማለት «ፕራቱ» ፈልጎ «ር» ጠፍታበትም ይሆናል። ጫማ ለማለት «ሳፓቱ» ፈልጎ የመጀመሪያዋን «ሳ» ዘልሏት ከሆነም የሚሰማው ያው «ፓቱ» ነው። እሱ ራሱ ግን አይምታታበትም፤ ጫማህን አምጣ ሲሉት የሚያመጣው ጫማውን ነው። ሦስቱ ቃላት በጭንቅላቱ ውስጥ ለየብቻቸው ተቀምጠዋል፤ አንድ የሚሆኑት ከአፉ ሲወጡ ነው።

ይህ ነጥብ በብራዚልም በፖርቱጋልም ስለ ሕፃናት ንግግር በሚደረገው ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በብራዚል ድምፅ የሚስት ልጅ ሁሉ በአንድ ስም ይጠራል፦ «ሊንግዋ ፕሬዛ»፣ ማለትም የታሰረ ምላስ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ የእያንዳንዱ አራስ ልጅ ምላስ ሥር እንዲመረመር የሚያዝ ሕግ አለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በፖርቱጋል በ2021 መገባደጃ ላይ የአገሩ ልጆች ከዩቲዩብ የብራዚል አነጋገር እየለመዱ ነው የሚል የጋዜጣ ዘገባ ወጥቶ ትልቅ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ጉዳዮች የተራራቁ ይመስላሉ። ከሥራቸው ያለው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ የልጅ አነጋገር «ተበላሸ» የሚባለው መቼ ነው?

እኛም ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን፤ የመጀመሪያ ቋንቋንም አፍ መፍቻ እንለዋለን። ንግግርን ከቋጠሮ መፈታት ጋር የሚያያይዙት ብራዚላውያን ብቻ አይደሉም ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት ቋጠሮው ያለው የት እንደሆነ ነው። በአብዛኞቹ ልጆች ዘንድ ቋጠሮው ከምላስ ሥር የለም። ያለው የቋንቋውን የድምፅ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ በመገንባት ሥራ ውስጥ ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ የራሱ ቅደም ተከተልና የራሱ ጊዜ አለው።

ቋንቋው ከሕፃኑ የሚጠይቀው

የብራዚል ፖርቱጋልኛ 19 ያህል ተነባቢ ድምፆች አሉት። አናባቢዎቹ በጠንካራው የቃል ክፍል ላይ ሰባት ናቸው፤ በዚህ ላይ አየሩ በአፍም በአፍንጫም የሚወጣባቸው አምስት ሰርናዊ፣ ማለትም የአፍንጫ፣ አናባቢዎች ይጨመራሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ ከነዚህ ብዙዎቹ እንግዳ አይደሉም። «ሽ»፣ «ዥ» እና «ኝ» ሁሉም እዚያ አሉ። እንግዳ የሚሆኑት የአፍንጫ አናባቢዎቹ፣ «ል» እና «ይ» በአንድ ጊዜ የተነገሩ የምትመስለው ድምፅ (በቆሎ ማለት በሆነው «ሚልዩ» ውስጥ ያለችው) እና የ«ር» ጉዳይ ናቸው።

ፖርቱጋልኛ ሁለት «ር» አለው። አንደኛዋ ስስ ናት፤ የምላስ ጫፍ ከላይኞቹ ጥርሶች ጀርባ ያለውን ድድ አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አድርጋ ትመለሳለች። ሁለተኛዋ ብርቱ ናት፤ በአብዛኛው ብራዚል «ህ»ን የምትመስል፣ በሊዝበን ከጉሮሮ አካባቢ የምትወጣ ድምፅ ነች። ልዩነቱ ትርጉም ይለውጣል። «ካሩ» በስሷ ር ሲነገር ውድ ማለት ነው፤ በብርቱዋ ሲነገር መኪና ማለት ነው። አማርኛ ላይ «ገና» ላልቶ ሲነበብና ጠብቆ ሲነበብ ወይም «አለ» ላልቶና ጠብቆ ሲነገር የሚፈጠረውን የትርጉም ልዩነት ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይከብድም። የኛ ልጆች ማጥበቅንና ማላላትን መለየት እንዳለባቸው ሁሉ የብራዚልና የፖርቱጋል ልጆችም ሁለቱን «ር» መለየት አለባቸው።

ከድምፆቹ ሌላ አቀማመጣቸው አለ። ፖርቱጋልኛ በአንድ ክፍለ ቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢዎችን ያለ አናባቢ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ «ር» ወይም «ል» ነው፦ ፕራቱ፣ ብሉዛ፣ ፍሎር። አማርኛ እንዲህ ያለ ጥምረት በቃል መጀመሪያ ላይ ብዙም አይወድም፤ «ብራዚል» ስንል በ«ብ» እና በ«ራ» መካከል ሳድሷን እናስገባለን። አንዳንድ ፖርቱጋልኛ ተናጋሪ ሕፃናትም እንዲሁ አናባቢ ጣል ያደርጋሉ። አብዛኞቹ ግን መንገዱን የሚያቃልሉት ሁለተኛውን ተነባቢ በመጣል ነው።

ምን ይቀድማል፣ ምን ይዘገያል

ስለ ብራዚል ሕፃናት በብዛት የሚጠቀሰው ምርምር የተሠራው በደቡቧ ከተማ በፖርቱ አሌግሪ፣ በሬጂና ሪተር ላምፕሬሽት አስተባባሪነት ሲሆን ውጤቱ በ2004 ተሰብስቦ ታትሟል። በፖርቱጋል በኩል በሊዝበን ማሪያ ዥዋው ፍሬይታስ በ1990ዎቹ ስለ ክፍለ ቃል አለማመድ የሠራችው ጥናት ተመሳሳይ ቦታ አለው። ዝርዝሩ ቢለያይም አጠቃላይ ቅደም ተከተሉ ይቀራረባል።

በቅድሚያ የሚመጡት እግድ ድምፆችና የአፍንጫ ድምፆች ናቸው። እግድ የሚባሉት አየሩ ሙሉ በሙሉ ታግዶ በድንገት ሲለቀቅ የሚፈጠሩት ናቸው፦ ፕ፣ ብ፣ ት፣ ድ፣ ክ፣ ግ። ከ«ም» እና ከ«ን» ጋር ሆነው በብዙ ሕፃናት ዘንድ ሁለተኛው ዓመት ሳይሞላ በቦታቸው ይገኛሉ። «ፍ» እና «ቭ»ም ብዙም አይርቁም። «ስ» እና «ዝ» ከሁለት ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል፣ «ዥ» እና «ሽ» እስከ ሦስት ዓመት አካባቢ ይረጋጋሉ። «ል» በሦስት ዓመት ገደማ ትመጣለች።

ከዚያ በኋላ የ«ር» ተራ ነው። የፖርቱ አሌግሪ መረጃ እንደሚያሳየው ብርቱዋ «ር» ሦስት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ስትያዝ ስሷ አራት ዓመት አካባቢ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ትደርሳለች። የ«ሚልዩ»ዋ ድምፅም እንዲሁ ወደ አራት ዓመት ትጠጋለች። የሁሉ መጨረሻ የተነባቢ ጥምረቶቹ ናቸው፤ «ፕራቱ»ን በትክክል ለማለት ብዙ ልጆች አምስት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ «ስሷን ር ብቻዋን ማለት ይችላል፤ ፕራቱ ላይ ግን ይጥላታል» የሚል ወላጅ ያለውን እውነት ነው የሚናገረው፤ የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ላይም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ድምፅን ማወቅና ድምፅን በሁሉም ቦታ ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው።

ይህ የፖርቱጋልኛ ብቻ ባሕርይ አይደለም። በ2018 የታተመ የ27 ቋንቋዎች ንጽጽር፣ ፖርቱጋልኛን ጨምሮ፣ ሕፃናት አምስት ዓመት ሲሞላቸው በአማካይ 93 በመቶ የሚሆኑትን ተነባቢዎች በትክክል እንደሚያወጡ አሳይቷል። በብዙዎቹ ቋንቋዎች ወደ ኋላ የሚቀሩት እንደ «ር» ያሉትና ሹልክልክ የሚባሉት፣ አየሩ በጠባብ ቀዳዳ እየተፋጨ የሚወጣባቸው ድምፆች ናቸው። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ በዚያ ንጽጽር ውስጥ አማርኛ የለም። በውጭ አገር ልጅ የሚያሳድጉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል፦ የእንግሊዝኛ ወይም የጀርመንኛ ሠንጠረዥ ይዞ ልጃቸውን የሚመዝን ባለሙያ ስለ «ጠ»፣ ስለ «ቀ» ወይም ስለ «ጨ» የሚነግረው ነገር ከዚያ ሠንጠረዥ አያገኝም።

ስህተቱ ሥርዓት አለው

ከውጭ ሲሰማ የሕፃን አነጋገር የተዘበራረቀ ይመስላል። ተሰብስቦ ሲታይ ግን ደንብ ይወጣዋል። «ፕራቱ»ን «ፓቱ» የሚል ልጅ «ብሉዛ»ን «ቡዛ» ማለቱ አይቀርም። «ባራታ»ን (በረሮን) «ባላታ» የሚል ልጅ በሌሎች ቃላትም ስሷን ር በ«ል» ይተካል። «ካዛ»ን (ቤትን) «ታዛ» የሚል ደግሞ ከአፍ ጀርባ የሚወጣውን «ክ» ወደ ፊት አምጥቶ በ«ት» ተክቶታል፤ «ግ»ንም ወደ «ድ» ሊያመጣት ይችላል። ባለሙያዎች እነዚህን የፎኖሎጂ ሂደቶች ይሏቸዋል። ፎኖሎጂ ማለት አንድ ቋንቋ ድምፆችን ትርጉም ለመለየት የሚጠቀምበት ሥርዓት ነው፤ የፎኖሎጂ ሂደት ደግሞ ሕፃኑ ገና ያልቻለውን ክፍል ሁሉ በአንድ ዓይነት ስልት የሚያቃልልበት መንገድ ነው።

ሕፃኑ ልዩነቱን እየሰማ ማውጣት ሊያቅተው እንደሚችልም ይታወቃል። ስለዚህ የሚጠቀሰው ዝነኛ ምሳሌ በ1960 የተዘገበው የአሜሪካዊው ሕፃን ነው። ዓሣ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ፊስ» ይል ነበር፤ ተመራማሪው እሱን መስሎ «ፊስ» ሲለው ግን አይደለም አለ፤ «ፊሽ» ሲለው ተቀበለ። ልጁ ጆሮው ትክክለኛውን ድምፅ ያውቃል፤ ያልደረሰው አፉ ነው። ስለዚህ «ፓቱ አትበል፣ ፕራቱ በል» እያሉ ደጋግሞ ማረም የሚጠበቀውን ያህል አይሠራም። ልጁ ገና ያላስተዋለው ስህተት እየተነገረው ሳይሆን ያልደረሰበት ነገር እየተጠየቀ ነው።

አንዱ ሂደት ግን ከሌሎቹ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ይኸውም ነዛሪ ድምፅን ወደ ኢነዛሪ መለወጥ ነው። እጅን ጉሮሮ ላይ አስቀምጦ «ቭ» ሲሉ ንዝረት ይሰማል፤ «ፍ» ሲሉ አይሰማም። ፖርቱጋልኛ በዚህ ንዝረት ብቻ የሚለያዩ ስድስት ጥንዶች አሉት፦ ፕ እና ብ፣ ት እና ድ፣ ክ እና ግ፣ ፍ እና ቭ፣ ስ እና ዝ፣ ሽ እና ዥ። ይህን ያልያዘ ልጅ «ቫካ» (ላም) ሊል ፈልጎ «ፋካ» (ቢላዋ) ይላል። የ«ር» ስህተት ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የንዝረቱ ግን ስድስት ጥንዶችን በአንድ ጊዜ ስለሚነካ ንግግሩን ይበልጥ ያደበዝዛል። ትምህርት ቤት ሲገባም ወደ ጽሕፈት ይሻገራል። መምህር በቃል ያስጻፈውን «ቫካ» ልጁ በ«ፍ» ፊደል ከጻፈ ፊደል አልለየም ይባላል፤ እሱ ግን የጻፈው ራሱ የሚለውን ነው።

ምላሱ ነው የታሰረው?

በብራዚል የታወቀ የልጆች ኮሚክ ገጸ ባሕርይ አለ፤ ሴቦሊንያ ይባላል። ከ1960 ጀምሮ «ር»ን በ«ል» እየተካ ይናገራል። አገሩ በሙሉ ስለሚያውቀው «እንደ ሴቦሊንያ ያወራል» የሚለው አባባል የሕክምና ቃል ያህል ሆኗል። በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥም ይህ አነጋገር ከታሰረ ምላስ ጋር ተያይዟል።

የታሰረ ምላስ የሚባለው በሕክምናው ሲታይ እውነተኛ ነገር ነው። ምላስን ከአፍ ወለል ጋር የምታያይዝ ስስ ሥጋ አለች፤ ፍሬኑለም ትባላለች። አጭር ወይም ወደ ምላስ ጫፍ የተጠጋች ስትሆን የምላስን እንቅስቃሴ ትገድባለች። በብራዚል በሰኔ 2014 የወጣው ሕግ ቁጥር 13.002 በአገሪቱ ያሉ ሆስፒታሎችና የማዋለጃ ተቋማት ሁሉ የእያንዳንዱን አራስ ፍሬኑለም እንዲመረምሩ ያስገድዳል። ምርመራው በሕዝቡ ዘንድ «ቴስቲ ዳ ሊንግዊንያ»፣ የትንሿ ምላስ ፈተና፣ ይባላል። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ2010፣ በሕግ ቁጥር 12.303 ግዴታ የሆነው የአራሶች የመስማት ምርመራም «የትንሿ ጆሮ ፈተና» ነው ስሙ።

የሕጉ ደጋፊዎች ክርክር ሁለት እግር አለው። አንደኛው ጡት መጥባት ነው፤ ምላሱ የታሰረ ሕፃን በደንብ ላይጠባ፣ የእናቱንም ጡት ሊያቆስል ይችላል። ሁለተኛው ንግግር ነው፤ ቀድሞ ከተገኘ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ተፈትቶ ልጁ ወደፊት ሳይቸገር ያድጋል የሚል ነው። ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች ግን ሁሉንም አራስ መመርመር የተጋነነ ምርመራና አላስፈላጊ መቁረጥ ያስከትላል ብለው ይሰጋሉ። በ2017 የታተመው የኮክሬን ግምገማ (ኮክሬን የሕክምና ማስረጃዎችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ መረብ ነው) ያገኘው አምስት ሙከራዎችን ብቻ ነው፤ በድምሩ 302 ሕፃናት። ፍሬኑለምን መቁረጥ የእናቲቱን የጡት ሕመም ለአጭር ጊዜ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሕፃኑ አጠባብ ላይ ግን ወጥ የሆነ ጥቅም አልታየም። አራስን መቁረጥ ከዓመታት በኋላ ንግግርን ያስተካክላል የሚለው ተስፋ ከዚያ ማስረጃ ድጋፍ አያገኝም።

ክርክሩን በጥናት ብዛት ብቻ መመዘን ግን አይበቃም፤ የእያንዳንዱን ስህተት አሠራር ማየት ይበልጥ ያስተምራል። «ባራታ»ን «ባላታ» የሚለውን ልጅ እንውሰድ። «ል» ለማለት የምላሱ ጫፍ ተነስቶ ከላይኞቹ ጥርሶች ጀርባ መድረስ አለበት፤ ይህ ቦታ ስሷ «ር» የምትነካው ቦታ ነው። ልጁ እዚያ እየደረሰ ነው ማለት ነው። የጎደለው ነካ አድርጎ ወዲያው የመመለሱ ፍጥነትና የምላሱ ጎኖች አቀማመጥ ነው። «ካዛ»ን «ታዛ» የሚለውም ምላሱን ወደ ላይ ማንሳት አላቃተውም፤ እንዲያውም ማንሳት በማይገባው ቦታ እያነሳ ነው። «ቫካ»ን «ፋካ» ያደረገው ልዩነት የተፈጠረው ማንቁርት ውስጥ ነው፤ ምላስ በነገሩ ውስጥ የለችበትም። «ሳፓቱ»ን «ፓቱ» ያደረገው ልጅ ሙሉ ክፍለ ቃል ነው የጣለው። ፍሬኑለም ክፍለ ቃል አይጥልም።

ይህ ሲባል ክፉኛ ያጠረ ፍሬኑለም የለም ማለት አይደለም። ምላሱን ወደ ላይ ጨርሶ የማያነሳ፣ ሲያወጣትም ጫፏ የሚሰነጠቅ የሚመስል ልጅ በሐኪም መታየት አለበት፤ ስሷ «ር»፣ «ል» እና የ«ሚልዩ»ዋ ድምፅ ሊከብዱት ይችላሉ። ነገር ግን ከቁርጡ በኋላም ድምፆቹን መማር ይቀረዋል። መቀሱ ለምላስ ቦታ ይሰጣታል፤ ሥርዓቱን አያስተምራትም።

ከምላሷ ፈተና ይልቅ የጆሮው ለንግግር የሚሰጠው ጥቅም የማያከራክር ነው። ያልሰማ ልጅ ድምፅ አይለይም። አራስ ሳለ ፈተናውን ያለፈ ልጅም በተደጋጋሚ የመካከለኛ ጆሮ ኢንፌክሽን ሊይዘውና ለሳምንታት በደበዘዘ መስማት ሊቆይ ይችላል። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ከሁሉ በፊት መስማቱ መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

ዘዬ ነው ወይስ እክል?

በብራዚል ገጠርና በብዙ የድሃ ሰፈሮች «ፕላንታ» (ተክል) «ፕራንታ»፣ «ቢሲክሌታ» ደግሞ «ቢሲክሬታ» ይባላል። ይህ የሕፃናት ስህተት አይደለም፤ አዋቂዎች የሚናገሩት ዘዬ ነው። አቅጣጫውም የተገላቢጦሽ ነው። ሕፃኑ «ር»ን ወደ «ል» ሲወስድ ዘዬው ጥምረት ውስጥ ያለችውን «ል» ወደ «ር» ይወስዳል። ይህ ለውጥ በቋንቋው ታሪክ ውስጥ ራሱ ያለ ነው። ቤተ ክርስቲያን ማለት የሆነው የላቲኑ «ኤክሌሲያ» በፖርቱጋልኛ «ኢግሬዣ» ሆኗል፤ ባሪያ ማለት የሆነው «ስክላቩስ»ም «እስክራቩ» ሆኗል። ዛሬ የተማረ ሰው ሁሉ ያለ ኀፍረት የሚናገራቸው ቃላት በዚያው መንገድ ያለፉ ናቸው።

«ቢሲክሬታ» የሚል የስድስት ዓመት ልጅ ወደ ንግግር ሕክምና ሲላክ ታዲያ የሚታከመው ምኑ ነው? እናቱና አያቱ እንደሚሉት ካለ የድምፅ ሥርዓቱን በትክክል ተምሯል። ትምህርት ቤት የጽሑፍ ቋንቋውን ሊያስተምረው ይገባል፤ ይህ ግን ትምህርት እንጂ ሕክምና አይደለም። በሌላ በኩል የሚያስጠነቅቁ ባለሙያዎችም ነጥብ አላቸው፦ «የአካባቢው አነጋገር ነው» እየተባለ እውነተኛ እክል ያለበት የድሃ ልጅ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚቻለው ልጁን ከመማሪያ መጽሐፍ ጋር ሳይሆን ከቤተሰቡ አነጋገር ጋር በማነጻጸር ነው።

በከተሞች መካከል ያለውም ልዩነት ቀላል አይደለም። አክስት ማለት የሆነው ቃል በሪዮ «ቺያ» ነው፤ በሊዝበንና በአንዳንድ የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል አካባቢዎች «ቲያ» ነው። የአገሩ ስም በብራዚል «ብራዚው» ተብሎ ሲነገር በፖርቱጋል መጨረሻው ወፍራም «ል» ነው። ስለዚህ በቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ል» የምትከብደው ለሊዝበኑ ሕፃን እንጂ ለሪዮው አይደለም። የፖርቱጋል ሰዎች ደካማ አናባቢዎችን ስለሚውጡም ሕፃኑ የሚሰማው ቋንቋ በተነባቢ የተጨናነቀ ነው።

የ2021ዱ የፖርቱጋል ክርክር መነበብ ያለበት በዚህ መነሻ ነው። ዘገባው ልጆች ሣርን «ሄልቫ» በማለት ፈንታ «ግራማ»፣ አውቶቡስን «አውቶካሩ» በማለት ፈንታ «ኦኒቡስ» እንደሚሉ ይተርክ ነበር። ቃል ከማያ ገጽ መውሰድ ለልጅ ቀላል ነው። የድምፅ ሥርዓትን መውሰድ ግን ይበልጥ ይከብዳል፤ ትናንሽ ሕፃናት ድምፅን በዋናነት የሚማሩት ከሚመልስላቸው ሰው ነው። የፖርቱጋል ልጅ «ቺያ» ማለት ከጀመረ የሌላ ዘዬ ድምፅ ተማረ እንጂ ድምፅ አልጎደለውም፤ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሪፈራል መጻፍ ስህተት ነው። የሚያሳስበው ሌላው ጎን ነው። ሪዮኛ የሚያስለምድ ያህል ሰዓት ማያ ገጽ ፊት የተቀመጠ የሦስት ዓመት ልጅ በዚያው ልክ ከሰው ጋር ሳያወራ ቀርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ የመከረ ሲሆን የብራዚል የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ማያ ገጽ ጨርሶ እንዳይኖር ይመክራል። የልጁ ዘዬ የብራዚል ይሁን የሊዝበን፣ ጥያቄው ስንት ሰዓት ከሰው ጋር አወራ የሚለው ነው።

መጠበቅ ወይስ መሄድ

«ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ምክር በፖርቱጋልኛም በአማርኛም ያለ ነው። ለብዙዎቹ ልጆች ትክክል ነው፤ ለጥቂቶቹ ግን ውድ ጊዜ ያባክናል። በብራዚል የንግግር ሕክምና ባለሙያው «ፎኖአውዲዮሎጉ» ይባላል፤ ሙያው በሕግ የታወቀው በ1981 ነው። በሕዝብ የጤና ሥርዓት በኩል ወረፋ መጠበቅ የተለመደ በመሆኑ የሪፈራሉ ጊዜ ትልቅ ትርጉም አለው። ልጅ በስድስት ዓመቱ መሠረታዊ ትምህርት ይጀምራል፤ በአምስት ዓመት ተኩል ወረፋ የያዘ ልጅ ፊደል ከሕክምናው ቀድሞ ሊደርስበት ይችላል።

ዕድሜ ብቻውን መለኪያ አይሆንም፤ የስህተቱ ዓይነትም መታየት አለበት። የአራት ዓመት ልጅ ስሷን «ር» ቢስት መጠበቅ ይቻላል። በዚያው ዕድሜ «ቫካ»ና «ፋካ» ገና አንድ ከሆኑበት፣ እንግዳ ሰው አብዛኛውን ንግግሩን የማይረዳው ከሆነ፣ ወይም አናባቢዎችንም የሚያዛባ ከሆነ መሄድ ይሻላል። በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገጣጥም ልጅ ጉዳይም የ«ር» ጉዳይ አይደለም፤ የቋንቋ ዕድገት በአጠቃላይ መታየት አለበት። ለውጥ መኖሩም ምልክት ነው። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ድምፅ እንኳ ያልጨመረ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ብዙ ስህተት ኖሮበት ወር በወር ከሚለወጥ ልጅ ይበልጥ ያሳስባል።

ሕክምናው ውስጥም ክርክር አለ። አንዳንዶች ከቀላሉ ድምፅ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ። በብራዚል ኤሌና ቦሊ ሞታ በ1996 ያቀረበችው ሞዴል ደግሞ ድምፆች በውስብስብነት አንዱ በሌላው ላይ የተመሠረቱ መሆናቸውን ያሳያል፤ ከዚህ ተነስተው ከባዱን መጀመር ቀላሎቹንም ይዞ ይመጣል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። የተለመደው መሣሪያ ግን ተነጻጻሪ ጥንድ ቃላት ነው። ልጁ የላምና የቢላዋ ሥዕል ይቀርብለታል፤ «ቫካ» ለማለት ፈልጎ «ፋካ» ሲል ባለሙያዋ ቢላዋውን ትሰጠዋለች። ያልፈለገውን ነገር ሲቀበል ድምፁ ትርጉም እንደሚለውጥ ይገነዘባል። ሻማ ማጥፋት፣ በገለባ መንፋት፣ ምላስን ወደ አፍንጫ መዘርጋት የመሳሰሉት የአፍ ልምምዶች አሁንም በሰፊው ይታዘዛሉ። እነዚህ ብቻቸውን የንግግር ድምፅን ያስተካክላሉ የሚል ጠንካራ ማስረጃ ግን አልተገኘም። ምላስ ሳትናገር የምትሠራው ስፖርት ስትናገር ለምትፈልገው ቅልጥፍና ብዙም አይተርፍም።

ሠንጠረዡ የማን ነው?

እስካሁን የተጠቀሱት ዕድሜዎች በአብዛኛው ከብራዚልና ከፖርቱጋል የመጡ ናቸው። ፖርቱጋልኛ ግን አፍሪካም ውስጥ የሕፃናት ቋንቋ ሆኗል። በአንጎላ በ2014 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከሕዝቡ 71 በመቶ ገደማ በቤቱ ፖርቱጋልኛ እንደሚናገር ተመዝግቧል፤ በብዙዎቹ ቤቶች ኪምቡንዱ፣ ኡምቡንዱ ወይም ኪኮንጎ አብሮ ይነገራል። በሳን ቶሜ ደሴት ደግሞ አዋቂዎች ራሳቸው ሁለቱን «ር» በሊዝበን ደንብ አይለዩአቸውም፤ ስሷ በምትጠበቅበት ብርቱዋን፣ ብርቱዋ በምትጠበቅበት ስሷን ያሰማሉ። እዚያ ያለን የአራት ዓመት ልጅ በፖርቱ አሌግሪ ሠንጠረዥ የመዘነ ባለሙያ «ካሩ» የሚለው ቃል ላይ ስህተት ምልክት ያደርግበታል። ልጁ ግን ቃሉን ያለው ልክ እናቱ እንደምትለው ነው።